አንድ እፍኝ ሩዝ

ዲያቆኔ፣

እንዴት ከርመሃል? ስድቡን አዘጋጅተህ እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ። ስደበኝና እንለፍ። አባባ ሲያርፉ በቴሌግራም «ነፍስ ይማር» ብዬ አንዲት መስመር ጽፌ የጠፋሁ ሰው ነኝ። በኋላ እደውላለሁ አልኩ። ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ፤ ወር ሲያልፍ ይብስ አፈርኩ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ይቅር በለኝ። የቀረውን ለገና ስመጣ ፊት ለፊት ትሰድበኛለህ።

አሁን የጻፍኩልህ ግን ቸግሮኝ ነው። (ድሮም ሲቸግረው ነው የሚመጣው በል።) መሳቢያዬ ውስጥ በቀይ ጨርቅ የተቋጠረ አንድ እፍኝ ደረቅ ሩዝ አለ። ለእማዬ የተላከ ነው። ምን እንደማደርገው ጨንቆኛል።

አከራዬን አታውቃትም። ማውሲ ነው የምላት፣ አክስቴ እንደማለት። የምትኖረው እዚህ ሕንድ፣ ቪሻካፓትናም ከተማ ይሁን እንጂ የጎረቤቱ ክልል የኦዲሻ ሰው ናት። ደግ ናት፤ ግን ወጥ ቤቷን ረግጬ አላውቅም። ሻይ የምትሰጠኝ ደጃፉ ላይ ነው። ሥጋ የሚበላ ሰው እዚያ አይገባም፣ አለቀ። እኔም አልተቀየምኳትም። የእኛም አክስቶች ከማን እጅ እንደሚበሉና ከማን እንደማይበሉ ታውቃለህ።

ባለፈው ሰኔ «ና ፑሪ እንሂድ» አለችኝ። ፑሪ እዚያው ኦዲሻ ያለች ከተማ ናት፤ በዓሉ ጃጋናት የሚሉት የሂንዱዎች አምላክ በዓል ነው። መቅደሱ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው፤ ሂንዱ ያልሆነ ሰው አይገባበትም። ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ልሂድ ብላት ሳቀች። በዚያ ቀን የሚወጣው እሱ ራሱ ነው አለችኝ። መግባት ያልተፈቀደለት ሁሉ ያየዋል።

ወጣም። አንተዬ፣ ጃንሜዳ ትዝ አለኝ ብልህ ትቆጣ ይሆን? ጃጋናት፣ ወንድሙ ባላባድራና እህታቸው ሱባድራ በየራሳቸው ሠረገላ ይቀመጣሉ። ሠረገላዎቹ በየዓመቱ እንደ አዲስ ከእንጨት ይሠራሉ። የጃጋናት 16 መንኮራኩር አለው፤ ቁመቱ 13 ሜትር ያህል ነው። የፑሪ ንጉሥ እጀታው ወርቅ በሆነ መጥረጊያ የሠረገላውን ወለል ይጠርጋል። ንጉሥ፣ መጥረጊያ ይዞ! ከዚያ ሕዝቡ ገመዱን ይዞ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይጎትታል፣ «የአክስቱ ቤት» እስከሚሉት ጉንዲቻ መቅደስ ድረስ። ገመዱን ነካህ ወይ ካልከኝ፣ ነካሁ። በግፊያው ነው ልልህ ነበር፤ ውሸት ነው። እጄን ዘርግቼ ነው የነካሁት።

ምስሉ መጀመሪያ ያስደነግጣል። ዓይኑ እንደ ሰፌድ ክብ ነው። እጁና እግሩ አላለቀም። ማውሲ እንዳወራችኝ፣ ኢንድራድዩምና የሚባል ንጉሥ ባሕር ያመጣውን ግንድ የሚቀርጽለት አጥቶ ሳለ አንድ ሽማግሌ አናጢ መጣ። «21 ቀን በሩን ዝጉብኝ፣ ማንም እንዳይከፍት» አለ። ሲሰነብት የመዶሻው ድምፅ ጠፋ። ንግሥቲቱ ሽማግሌው ሞቶ እንዳይሆን ብላ ሰጋች፤ በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው የለም፤ ምስሎቹም ሳያልቁ ቀሩ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የሚቀረጹት። እና ልብ በል፣ እዚህ አገር ድምፁ የጠፋ ሰው በሩ ይከፈትለታል። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳ አላንኳኳህም! (ቀልዴን ነው። ግማሹን።)

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በአራተኛው ቀን ማውሲ ከጉንዲቻ መቅደስ ማሃፕራሳድ በሸክላ ድስት ይዛ ወጣች። ለጃጋናት ቀርቦ የተመለሰ ምግብ ነው። ሩዝ፣ ምስር፣ ዱባ። ድንችና ቲማቲም አይገባበትም። መንገድ ዳር ተቀምጠን ሙዝ ቅጠል ላይ ዘረገፈችው። ከዚያ ያቺ ወጥ ቤቷን የነፈገችኝ ሴትዮ ሩዙን በጣቶቿ አድቦልቡላ አጎረሰችኝ። ራሷም ከዚያው ቅጠል በላች። ማሃፕራሳድ ላይ ዘር አይቆጠርም፣ ከካህናቱ ወገን የሆነው ብራህሚኑም ከማንም ጋር ይቆርሳል አለችኝ።

ምን ብዬ አፌን ልዝጋ? ጾም ላይ ነበርን፤ ቅቤ እንዳለው ያወቅኩት ከዋጥኩ በኋላ ነው። የከነከነኝ ግን ቅቤው እንዳልሆነ ታውቃለህ። 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8ን፣ ለጣዖት ስለተሠዋ ምግብ የሚለውን፣ ስንት ጊዜ አነበብኩት መሰለህ። ሳነበው ቀለል ይለኛል፤ ማታ ደግሞ ያው ነው። እማዬ በስልክ «ጾሙ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደህና» አልኳት።

ሩዙ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ከእማዬ ጋር አውርቼ ስልኩን እንደዘጋሁ ማውሲ እንባዬን አየችብኝ። ኩላሊቷ እንደገና እንደጀመራት ነገርኳት። ገብታ ከሣጥኗ ይህን አውጥታ ቋጠረችልኝ። እኛ እምነት በወረቀት ቋጥረን እንደምንልከው። ማሃፕራሳዱ በፀሐይ ሲደርቅ ኒርማልያ ይሉታል። ቤት ያስቀምጡታል፤ አንዲት ፍሬ ይቀምሱለታል። ሊሞት ለተቃረበ ሰውም አፉ ላይ ያደርጉለታል። ለየትኛው ብላ እንደሰጠችኝ አልጠየቅኳትም።

እናቴ እሱን አታውቀውም አልኳት። እሷ ደግሞ ከበዓሉ በፊት ስለሚሆነው አወራችኝ። ጃጋናትን በ108 እንስራ ውኃ ያጥቡታል፤ ከዚያ ትኩሳት ይይዘዋል። 15 ቀን ማንም አያየውም፤ አገልጋዮቹ መድኃኒት ያጠጡታል። «ሕመም ያውቃል» አለችኝ፣ ስለ ጎረቤት እንደሚያወራ ሰው።

ለእማዬ አልሰጣትም፤ ብታውቅ ቤቱን ሙሉ ጸበል ታስረጫለች። መጣሉም አልሆነልኝም። ሁለቴ ቆሻሻ መጣያው ድረስ ይዤው ሄጄ ተመልሻለሁ። ለማውሲስ «ሰጠኋት» ብዬ ልዋሽ? አንተ እኮ ከእኔ ይልቅ ይህን ታውቃለህ፣ ቢያንስ አውቃለሁ ትላለህ።

እስኪ አንድ ቀን እማዬ ጋ ጎራ ብለህ ቡና ጠጣ። ስለ ሩዙ ትንፍሽ እንዳትል። ፊቷ እንዴት እንደሆነ ብቻ ጻፍልኝ፤ እኔን በስልክ ከ«ደህና ነኝ» በቀር አትለኝም። ስለ ሩዙም ቶሎ መልስልኝ። ማውሲ በየጠዋቱ ልብስ ስታሰጣ «ላክህላት?» ትለኛለች።

ያው ጠፊው ወንድምህ