ስለ ባንኮክ በአማርኛ የሚነግረን አጥተን ሄድን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ ነኝ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. እኔና አብሮ አደግ ጓደኛዬ ሁለት ዓመት የጣልነው እቁብ ሲወጣልን የጀርባ ቦርሳችንን አዝለን የታይላንድን ዋና ከተማ ባንኮክን ለአሥራ ሁለት ቀናት ስንዞር ሰነበትን። ከመነሣታችን በፊት ስለ ከተማዋ በአማርኛ የተጻፈ ወይም የተነገረ ነገር ብንፈልግ ያገኘነው ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፤ አንደኛው «እንዳትሞክሩት» የሚል ማስፈራሪያ፣ ሁለተኛው ከሆቴል መዋኛ ገንዳ ዳር የተነሣ ፎቶግራፍ። ከአውሮፕላን ማረፊያ በርካሽ እንዴት እንደሚወጣ፣ መኪናው ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ ጾመኛ ሰው ምን እንደሚበላ፣ አታላይ በምን እንደሚታወቅ የሚነግረን ወገን አላገኘንም። ይህ ጉድለት በጣም ያሳስበኛል፤ ለምን እንደሚያሳስበኝም ከደረሰብንና ካየነው ተነሥቼ ላስረዳ።

ማስፈራሪያውን ከንቱ ነው አልልም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ሰዎች በኢንተርኔት እንዲያጭበረብሩ ከሚገደዱባቸው የምያንማር ካምፖች ወጥተው ድንበር በመሻገር ለታይላንድ ጦር ከተላለፉት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የጓደኛዬ እናት ትኬታችንን ያሳየናቸው ዕለት ፊታቸው ተለዋውጦ «ልጆቼ፣ ሥራ እሰጣችኋለሁ ብሎ የጠራችሁ ማነው?» ብለው የጠየቁን ይህንኑ ሰምተው ነው። ማንም እንዳልጠራን፣ ትኬቱን በገዛ ገንዘባችን እንደገዛን፣ የመመለሻው ቀን እንደተቆረጠ አንድ በአንድ ካስረዳናቸው በኋላ መርቀው ሸኙን። ነገር ግን በብዙ ወገኖቻችን ላይ የደረሰው መከራ አካሄዱ የታወቀ ነው፤ የማይታወቅ ሰው ከፍተኛ ደመወዝ ቃል ይገባል፣ ትኬት ይገዛል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ በመኪና ይቀበላል፣ ከዚያም ከባንኮክ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው የድንበር ከተማ ወደ ሜ ሶት ይነዳል። ካርታውን አስቀድሞ ያጠና ሰው መኪናው ከከተማው ወጥቶ በሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ ሲፈተለክ ምን እየሆነ እንደሆነ ይገባዋል። ፍርሃት ብቻ የተነገረው ሰው ግን ይህን የሚለይበት አንዳች ነገር በእጁ የለም። ወጣቶቻችንን ለመጠበቅ ከልብ የሚያስብ ሁሉ አገሩን አውቀው እንዲሄዱ ሊያግዛቸው ይገባል እላለሁ።

ሱዋናፑም አውሮፕላን ማረፊያ እንደደረስን የመረጃ እጦት ምን እንደሚያስከፍል በወረፋ ላይ ተማርን። ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ትጠይቃለች፤ ወረቀቱም የሚታየው ከፓስፖርት ቁጥጥሩ በፊት ባለው የጤና ጠረጴዛ ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ በቀጥታ ከፓስፖርቱ ሰልፍ ገብተን አንድ ሰዓት ያህል ከቆምን በኋላ ተመለሱ ተባልን። ካርዱ በቦርሳችን ውስጥ ነበር፤ የጎደለን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የነበረው ቀላል ሆነልን፤ ከሕንፃው ምድር ቤት የሚነሣው ባቡር በአገሩ ገንዘብ በ45 ባት፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ፣ መሐል ከተማ ፓያ ታይ ጣቢያ ያወርዳል።

በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ ዓመቱን 2568 ብሎ ሲጽፍ አየን። ታይላንዳውያን የሚቆጥሩት በቡድሃ ዘመን ሲሆን ይህም ከፈረንጆቹ አቆጣጠር 543 ዓመት ይቀድማል፤ ከእኛው 2017 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ 551 ዓመት ነው። ይበልጥ ልቤን የነካው ግን የሰዓቱ ነገር ነው። ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት በሩ የሚዘጋበትን ሰዓት ስትነግረን በጣቷ እየቆጠረች ነበርና፣ በባህላዊው አቆጣጠራቸው ፈረንጆቹ ከምሽቱ ሰባት የሚሉትን እነርሱ «ኑንግ ቱም»፣ ማለትም አንድ ሰዓት፣ እንደሚሉት ተረዳን። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ የምሽቱ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ለአንድ ይገጥማል። ከአገሬ ወጥቼ ምሽቱን እንደኛ የሚቆጥር ሕዝብ አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ባንኮክ ትርምስ ናት የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ግን አንድ ጠዋት በእግር መሄድ ይበቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ያላት አማካይ ከፍታ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለኖረ ሰው የሰኔው ሙቀትና እርጥበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቦርሳው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። መኪናው የሚነዳው በግራ በኩል በመሆኑ የእኛ ዓይን በልማዱ ወደ ግራ ሲመለከት አደጋው በቀኝ ይመጣል፤ ጓደኛዬን ሁለት ጊዜ በክንዷ ጎትቼ መልሻታለሁ። የእግረኛውን መንገድ ምግብ አብሳዩ፣ ልብስ ሰፊው፣ የሎተሪ አዟሪው ይዞታል፤ ሞተር ብስክሌቱም አንዳንዴ በዚያው በእግረኛው መካከል ያልፋል።

ሆኖም ከሦስት ቀን በኋላ የትርምሱ ውስጠ ምክንያት ይገለጥ ጀመር። ቀድሞ ረጃጅምና ቀጫጭን የሩዝ እርሻዎች፣ በመካከላቸውም ቦዮች የነበሩበት መሬት ሲሸነሸን እያንዳንዱ ቁራሽ «ሶይ» የሚባል ውስጥ ለውስጥ መንገድ ሆነ። ብዙው ሶይ ወደ ውስጥ ይረዝማል፣ መውጫም የለውም፤ ከዋናው መንገድ በአንድ ወገን ያሉት በጎዶሎ ቁጥር፣ በሌላው ወገን ያሉት በሙሉ ቁጥር ይጠራሉ። አውቶቡስ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ነው በየሶዩ አፍ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ የሞተር ነጂዎች ተራ ይዘው የሚጠብቁት። ይህን ያወቀ ሰው አድራሻ ማግኘት አያቅተውም፤ ያላወቀ ግን ሶይ 23ን እና ሶይ 24ን ጎረቤት መስለውት እንደ እኛ በቀትር ፀሐይ ሲንከራተት ይውላል።

ከሁሉ ይልቅ ሰፋ አድርጌ ልናገርለት የምፈልገው በሴን ሴፕ ቦይ ላይ የሚሄደውን ጀልባ ነው። ቦዩ የተቆፈረው በንጉሥ ሦስተኛው ራማ ዘመን፣ ከ1837 እስከ 1840 እ.ኤ.አ.፣ ጦርና ስንቅ ወደ ምሥራቅ ለማጓጓዝ ነበር፤ ዛሬ 18 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው የጀልባ መስመር ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛውና ነጋዴው ይመላለስበታል። ዋጋው እንደ ርቀቱ ሆኖ ከ30 ባት በታች ነው። ጀልባው ማረፊያው ላይ የሚቆየው ለአፍታ ብቻ ነው፤ ገመዱ በምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ ሳለ ወራጁ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ይገባል፣ ወዲያው ይፈታል። ረዳቶቹ የራስ ቁር አድርገው በጀልባው የውጭ ጠርዝ ላይ እየተራመዱ፣ በአንድ እጃቸው ገመድ ይዘው በሌላው ሒሳብ ይቀበላሉ፤ የራስ ቁሩ የሚያስፈልገው ጀልባው እጅግ ዝቅ ባሉ ድልድዮች ሥር ስለሚያልፍ ነው። ውሃው ጥቁር ነው፣ ይሸታልም፤ ስለዚህ ከዳር የተቀመጠ ሰው ማዕበል ሲመጣ ገመድ ስቦ ሸራውን ከፍ ማድረግ፣ ማረፊያ ሲደርስ ደግሞ ለሚሳፈሩት ዝቅ ማድረግ አለበት። ይህን የሚያዝዝ ሰው የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። እኛ ሳናውቅ ከዳር ተቀምጠን ነበር። ከኋላችን የነበሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ምንም ሳይናገሩ በጓደኛዬ ትከሻ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ገመዱን አነሡና በመዳፏ ላይ አኖሩላት። ጓደኛዬ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ማረፊያ ድረስ ለዚያ ሁሉ ተሳፋሪ ሸራውን ስትስብና ስታወርድ ሄደች፤ በዚያ ከተማ ውስጥ እንግድነቷን የረሳችው በዚያ ሰዓት እንደሆነ ነግራኛለች።

በቻዎ ፕራያ ወንዝ ላይ የሚሄደው ትልቁ ጀልባ ከዚህ የተረጋጋ ነው። በእርሱ ላይ ለመነኮሳት የተለየ ቦታ አለ፤ መነኩሴን ሴት መንካት ስለማይገባት አጠገባቸው እንዳንቆም ተጠነቀቅን። በየቤተ መቅደሱ ጫማ ማውለቅ፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ለእኛ የሚያስቸግር አልነበረም፤ ነጠላችን ከቦርሳችን ዕቃ ሁሉ ይበልጥ ያገለገለን በዚያ ነው።

ስለ አታላዮቹም መጻፍ አለበት። ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ስንሄድ አንድ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው አስቁሞን፣ ቤተ መንግሥቱ እስከ ከሰዓት በኋላ ዝግ መሆኑን ነግሮን፣ እስከዚያው ሌላ ቤተ መቅደስ በ20 ባት የሚያዞረን፣ እኛ ባጃጅ የምንላትን ዓይነት ተሽከርካሪ ጠራልን። ሰውየው ትሑት ነበር፣ እኛም በአስተዳደጋችን ታላቅ ሰውን አናቋርጥም። መጨረሻችን የጌጣጌጥ ድንጋይ የሚሸጥበት ሱቅ ሆነ፤ ሳንገዛ ብንወጣም ግማሽ ቀናችን ባከነ። በማግሥቱ ስንመለስ፣ ቤተ መንግሥቱ በየቀኑ ክፍት እንደሆነ፣ ዝግ ነው የሚልን ሰው ማመን እንደማይገባ በድምፅ ማጉያ ጭምር ሲነገር ሰማን። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ አለ፣ በቻይንኛም አለ። በአማርኛ ማንም አይናገረውም፤ ይህ የእኛ ሥራ ነው።

ወሩ የሐዋርያት ጾም በመሆኑ የምግቡ ነገር አስጨንቆን ነበር። ጓደኛዬ ጾሟን አታፈርስም፣ ዓሣም አትቀምስም፤ በዚያ አገር ደግሞ አትክልት ብቻ በሚመስለው ወጥ ሳይቀር «ናም ፕላ» የሚባለው የዓሣ መረቅ ይገባበታል። በአራተኛው ቀን በያዎዋራት የቻይናውያን ሰፈር ስናልፍ ቢጫ ጨርቅ ላይ 17 ቁጥርን የሚመስል ቀይ ጽሑፍ ያለበት ምግብ ቤት አየን። ጽሑፉ «ጄ» ተብሎ ይነበባል፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ ሳይቀር የማይገባበት የጾም ምግብ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ምልክት እየፈለግን በላን። ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ በሱኩምቪት ጎዳና ሶይ 3 አካባቢ፣ የአረብ ሰፈር በሚባለው፣ ሐላል ምግብ እንደልብ ያገኛሉ፤ የኢትዮጵያ ምግብ ቤትም በዚያው አለ።

በዚህ ሰፈር ያጋጠመችን አንዲት እህት ናት ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስወሰነችኝ። አማርኛ ስንናገር ሰምታ ተከተለችን። አባቷን ለሕክምና ይዛ ከመጣች አምስተኛ ሳምንቷ ነበር፤ በእነዚህ ሳምንታት ያየችው የሆስፒታሉን ኮሪደር፣ የተከራየችውን ክፍልና በመካከላቸው ያለውን አንድ መንገድ ብቻ ነው። «ከተማው አስፈሪ ነው ስላሉኝ አልወጣሁም» አለችን። የሴን ሴፕ ጀልባ ናና ኑዋ ከሚባለው ማረፊያ፣ ከምታድርበት ቤት የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ይመላለስ ነበር። በማግሥቱ አባቷ ሲተኙ ይዘናት ሄድን። በዋት ሳኬት ቤተ መቅደስ ኮረብታ ከሦስት መቶ በላይ የሆኑትን ደረጃዎች ወጥተን ከተማዋን ከላይ አሳየናት፤ ስትወርድ ለአባቷ ከጃስሚን አበባ የተጎነጎነ ጉንጉን ገዛች። በመመለሻችን ላይ ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን በባቡር ጣቢያው ብሔራዊ መዝሙሩ ተሰማና የሚጣደፈው ሕዝብ በሙሉ ባለበት ቆመ። እኛም ቆምን። በልጅነቴ አባቴ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ እንዴት ቆሞ ያሳልፍ እንደነበር የነገረኝ ትዝ አለኝ።

ባንኮክ የአገራችን አየር መንገድ ለረጅም ዓመታት የሚበርባት ከተማ ናት፤ ሕመምተኛው፣ ነጋዴውና ተማሪው ይመላለስባታል። ይህን ያህል ሰው በሚሄድበት አገር የእያንዳንዱ ሰው ዕውቀት ከራሱ ጋር መቅረቱ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ገጽ መድቦ፣ ከጉዞ የተመለሱ ተራ አንባቢዎች ስለ አንድ ከተማ አሠራር በአማርኛ እንዲጽፉ እንዲጋብዝ እጠይቃለሁ፤ ዋጋውን፣ መንገዱን፣ ምግቡን፣ የቁጥጥር ሰልፉን፣ የአታላዩን ዘዴ። ያማሩ ቃላት አያስፈልጉም፤ ትክክለኛ መሆን ብቻ ይበቃል።

ጓደኛዬ በየማታው ትጽፍበት የነበረው ደብተር አርባ ገጽ ሆኗል፤ የጀልባ ማረፊያዎቹን ስም እንደሚነገሩት በፊደላችን ጽፋቸዋለች። ዓምዱን ከጀመራችሁ ቅጂውን ይዘን ወደ ቢሯችሁ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከአዲስ አበባ