የእንግሊዝን ገጠር ለማየት መኪና የግድ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፦

ባለፈው ሰሞን ወደ እንግሊዝ ለሚመጡ ወገኖቻችን ያወጣችሁትን የጉዞ ምክር በጉጉት ጀምሬ በቅሬታ ጨረስኩት። ስለ ለንደን የጻፋችሁት መልካም ነው። ብዕር ያስነሳኝ «ከከተማ ወጣ ብሎ ገጠሩን ለማየት ግን መኪና ከሌለ አይሞከርም» የሚለው መስመር ነው። ብሪስቶል ከተማ መኖር ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆኖኛል። መንጃ ፈቃድ የለኝም። ሆኖም በአቅራቢያው ያሉትን የሰመርሴት አውራጃ መንደሮች ብዙዎቹን በዳገታቸውና በቁልቁለታቸው ለይቼ አውቃቸዋለሁ፤ ያስተዋወቀኝም ብስክሌት ነው።

ብስክሌት መንዳት የተማርኩት በ43 ዓመቴ ነው። ባደግኩበት ሰፈር ወንዶቹ ብስክሌት በሰዓት ተከራይተው ሲነዱ እኛ ሴቶቹ ደጅ ላይ ቆመን እናይ ነበር። እዚህ የምተዳደረው አረጋውያንን በየቤታቸው በመንከባከብ ነው። ከእነሱ መካከል እማማ እያልኩ የምጠራቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ስሙን ወደዱት። በወጣትነታቸው ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ጓዛቸውን ብስክሌታቸው ላይ ጭነው ከመንደር መንደር ሲዞሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1878 ሃሮጌት ከተማ የተመሠረተውና ዛሬ ሳይክሊንግ ዩኬ የሚባለው የብስክሌት ተጓዦች ማኅበር አባል ነበሩ። እግራቸው አልታዘዝ ብሎ ከወንበር መነሣት ሲያቅታቸው እንኳ መንገዱን በቃላቸው ያውቁት ነበር። የድሮ ካርታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው።

ያስተማሩኝን ለአንባቢዎቻችሁ ላካፍል፤ ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነውና። ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባለው የመንግሥት የካርታ ድርጅት ብሪታንያን በ204 ሉህ ከፋፍሎ አትሟታል። ካርታው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነው መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ሰማያዊው አውራ ጎዳና ስለሆነ ብስክሌት አይገባበትም። አረንጓዴውና ቀዩ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ናቸው፤ ባይከለከሉም እሸሻቸዋለሁ። የምንፈልገው ቢጫውን ነው፤ ከቢጫውም ቀጭኑን። ቀጭን ቢጫ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ ከ4 ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። መስመሩ ላይ የቀስት ምልክት ካለ ብርቱ ዳገት አለ፤ ጫፉ የሚያመለክተው ወደ ቁልቁለቱ ነው። ምልክቱ ሁለት ከሆነ ዳገቱ ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም። ጥቁር አራት ማዕዘን ላይ መስቀል ከቆመ ግንብ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ክብ ላይ ከቆመ ደግሞ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ። እማማ «ስትጠፊ ቤተ ክርስቲያኑን ፈልጊ» ይሉኝ ነበር። ጭጋግ ውስጥ ሁለት ጊዜ መንገድ ጠፍቶብኝ ሁለቱንም ጊዜ ያወጣኝ ይኸው ምክር ነው።

ለጀማሪ ከመኪና ጋር ብዙም የማያጋፋ መንገድ አለ። ከብሪስቶል ወደ ባዝ ከተማ ይሄድ የነበረ አንድ የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1966 መንገደኛ ማጓጓዝ አቆመ። ሐዲዱ ተነሥቶ፣ በአንድ የብሪስቶል የብስክሌተኞች ቡድን ጥረት፣ ከ1979 እስከ 1986 ድረስ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ሆኖ ተሠራ። 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡር ዳገት ስለማይችል መንገዱ ለጉልበት ምቹ ነው፤ ልጅም አዛውንትም ይነዳበታል። ባዝ ዳርቻ ሲደረስ ደግሞ ለእኛ የተለየ ነገር ይጠብቀናል። ከመንገዱ ማብቂያ ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ ዳገት ወጣ ሲባል፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የተቀመጡበት ፌርፊልድ ሃውስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 አረጋውያን እንዲኖሩበት ለከተማዋ የሰጡት ቤት ነው። የመጀመሪያው ረጅም ጉዞዬ እስከዚያ ድረስ ነበር። በሩ ተዘግቶ ደረስኩ፤ ብስክሌቴን አጥሩ ላይ አስደግፌ ዳቦዬን እዚያው ቆሜ በላሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ሌሎችም እንዲያገኙት እመኛለሁ።

ይህ ግን መለማመጃ ነው። እውነተኛው ጉዞ ያለው ከብሪስቶል በስተ ደቡብ፣ በሜንዲፕ ኮረብቶችና ከዚያም ማዶ ነው። እዚያ መንገዱ በግራና በቀኝ በቁጥቋጦ የታጠረ ነው፤ አጥሩ ብዙ ቦታ ከሰው ቁመት ይበልጣል። በግንቦት ነጭ ጃንጥላ የመሰለ አበባ ከሁለቱም ወገን ወደ መንገዱ ይጋደማል፤ ዛፍ ጥላ ባጠላበት ደግሞ የዱር ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ለረጅም ጊዜ ከአጥር በቀር ምንም አይታይም። ድንገት የእርሻ በር ይመጣል፤ አጥሩ እዚያ ላይ ይቋረጥና ሸለቆው፣ በጎቹ፣ የሩቁ ደወል ቤት ሁሉም ባንድ ጊዜ ይገለጣል። በመኪና የሚሄድ ሰው ያንን በር ሳያየው ያልፈዋል። እኔ ፍሬን ይዤ እወርዳለሁ።

አንድ እርሻ ደጃፍ ላይ ያረጀ የእንጨት ሣጥን አለ። ክዳኑን ከፍ ስታደርጉት ስድስት ስድስት ተደርጎ የተቀመጠ እንቁላል ታገኛላችሁ፤ አጠገቡ አናቱ የተበሳ ቆርቆሮ አለ። ሻጭ የለም። ሳንቲሙን ጥሎ እንቁላሉን መውሰድ ነው። በሹራቤ ጠቅልዬ 30 ኪሎ ሜትር አምጥቼ አንድም አልተሰበረብኝም።

ከሜንዲፕ ሲወረድ ሰመርሴት ሌቭልስ የሚባለው ረግረግ ሜዳ ነው፤ በውኃ መውረጃ ቦዮች የተከፋፈለ፣ ለቅርጫት መሥሪያ የሚሆን አኻያ የሚበቅልበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3807 ወይም በ3806 ሰዎች ረግረጉን ለመሻገር የዘረጉት የእንጨት መሄጃ እዚያ አፈር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 ተገኝቷል፤ ዘመኑ የታወቀው ከእንጨቱ ዓመታዊ ቀለበት ነው። በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ አንድ ቀን ሙሉ ነድቼም ብርሃን ይተርፈኛል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በእነዚህ ቀጫጭን መንገዶች ብዙዎቹ ላይ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም 96 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ፈረስ ጎን ለጎን በማይዘዋወርበት ጠመዝማዛ ላይ! ይህ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች እንዲህ ያሉትን መንገዶች «ጸጥተኛ መንገድ» ብለው እንዲሰይሙ ፈቅዷል፤ ስያሜው ብቻውን ግን የፍጥነት ገደቡን ዝቅ አያደርግም።

ባለፈው መከር ዕቃ የሚያደርስ አንድ መኪና ሲቀድመኝ መስተዋቱ እጅጌዬን ነካኝና ከነብስክሌቴ እሾሁ ውስጥ ወደቅኩ። ሾፌሩ አቁሞ ሮጦ መጣ። «እህቴ፣ ተጎዳሽ ወይ?» አለኝ፤ በአማርኛ። ብስክሌቴን ከአጥሩ ውስጥ ጎትቶ አወጣልኝ፤ የወለቀውን ካቴና መልሶ አስገባልኝ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ቦታው የሚበቃን መስሎኝ ነው» አለ። ስንት ሜትር መራቅ እንዳለበት ጠየቅኩት። አያውቅም። መንጃ ፈቃዱን ካወጣ በኋላ ደንቡ እንደተሻሻለ የነገረው ሰው የለም።

አልተቆጣሁትም። ጋዜጣችሁን ግን ይህን እጠይቃለሁ። በዚህ አገር ታክሲ የሚነዱ፣ ምግብና ዕቃ የሚያደርሱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ እናንተንም ያነባሉ። ከጥር 29 ቀን 2022 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ የሚሠራበትን የመንገድ ደንብ በአማርኛ አውጡላቸው። እስከ 48 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲነዳ ብስክሌተኛን ለመቅደም ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ፣ ፍጥነት ሲጨምር ርቀቱንም መጨመር ያስፈልጋል። በፈረስ ለሚሄድ ደግሞ ቢያንስ 2 ሜትር ርቆ፣ ከ16 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባልበለጠ ፍጥነት ማለፍ ነው። ቀጭኑ ቢጫ መንገድ 4 ሜትር እንኳ የማይሞላ ስለሆነ ያን ያህል ቦታ አይገኝበትም፤ ስለዚህ መንገዱ እስኪሰፋ ከኋላ መጠበቅ ግድ ነው። የሚባክነው ጊዜ ቢበዛ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው።

በጉዞ ምክራችሁ ላይም እርማት ብትጨምሩበት ደስ ይለኛል። አብዛኛው ባቡር ብስክሌት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጭናል፤ አንዳንዱ ብቻ ቀደም ብሎ ቦታ ማስያዝ ይጠይቃል። ካርታ መግዛት ለሚፈልግ፣ ብሪስቶልና ባዝ ሉህ ቁጥር 172 ላይ ናቸው፤ የሜንዲፕ ምዕራባዊ ክፍልና የሌቭልስ ሰሜኑ ደግሞ 182 ላይ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከብሪስቶል