ዛፍም ይበርደዋል ወይ ላሉኝ አባቴ

ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ፍራንክፈርት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የታዘዘልዎትን ቅባት ማታ ማታ መቀባቱን እንዳልተዉት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ልጄ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ብርዱ ገብቷል፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስንጨዋወት፣ ከሥራ መልስ ለገና ዛፍ የሚሰቀል ጌጥ በኪሮሽ እየሠራሁ መሆኔን ብነግርዎት፣ «ዛፍም ይበርደዋል ወይ፣ ልብስ የምትሠሪለት?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን መልሴን ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። ጥያቄዎ ከአእምሮዬ ስላልወጣ፣ ነገሩም በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ እንዲሁም በመጨረሻ የምጠይቅዎት አንድ ብርቱ ጉዳይ ስላለኝ በደብዳቤ መጻፍን መረጥሁ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልዎት፤ ቁጥር ያለበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይድገምልዎት።

በሽሮ ሜዳ ቤታችን የገና ዛፍ ቆሞ አያውቅም። ጎረቤቶቻችን የፈረንጅ ጥድ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ድንጋይ በተጠቀጠቀበት ጣሳ ውስጥ ያቆሙና፣ በረዶ እንዲመስል ጥጥ እየቦጨቁ ይበትኑበት ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከእናቴ መሶብ አንድ እፍኝ ባዘቶ ሰርቄ በራችን ላይ በነበረው ቁጥቋጦ ላይ ብበትነው፣ ከመሸመኛው ጉድጓድ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልብስ የሚሆን ጥጥ በቅጠል ላይ ይበተናል?» አሉኝ። አልመቱኝም፤ ግን አንድ በአንድ አስለቀሙኝ። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ስለዚያ ነገር ለብዙ ዓመት አኩርፌ ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ቢኖር ታኅሣሥ ለእርስዎ ከዓመቱ ሁሉ የከበደ ወር መሆኑ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ሰው ሁሉ በራችንን የሚያንኳኳው በዚያ ወር ነበርና፣ ጎህ ሳይቀድ ወደ ጉድጓዱ ይወርዱ ነበር፤ እናቴም እንዝርቷን ሳታሳርፍ ታመሽ ነበር። እኔ በቁጥቋጦ ላይ የበተንሁት እፍኝ ጥጥ የአንድ ሰው ነጠላ አካል ነበረ።

እዚህ አገር ዛፉ በብዙ ቤት የሚቆመው በእነርሱ ልደት ዋዜማ ነው፤ ዘንድሮ በእኛ ታኅሣሥ 15 ላይ ይውላል። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ኖርድማን የሚባለውን ጥድ ሲሆን፣ ቅጠሉ እጅ አይወጋም፣ ቶሎም አይረግፍም። የሚሰቀልበት ጌጥ በጥንት ጊዜ የሚበላ ነገር ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1605 ስለ ስትራስቡርግ ከተማ የጻፈ አንድ መንገደኛ፣ ሰዎች በየቤታቸው ጥድ አቁመው ፖም፣ ስስ ቂጣ፣ ስኳርና ከባለ ብዙ ቀለም ወረቀት የተቆረጠ ጽጌረዳ ይሰቅሉበት እንደነበር መዝግቧል። የመስታወቱ ድብልብል የመጣው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ቱሪንጊያ በሚባለው አውራጃ ተራሮች መካከል ካለችው ከላውሻ ነው። የላውሻን ነገር ሳነብ ሽሮ ሜዳ ነበር የመጣብኝ፤ ሥራው በየቤቱ የሚሠራ፣ አባት የጋለውን መስታወት በአፉ እየነፋ ሲያሳብጥ እናትና ልጆች የሚቀቡትና የሚያሽጉት፣ ከገና በፊት ባሉት ወራትም እንቅልፍ የማይታወቅበት ነበርና።

የመስታወቱ ጌጥ ያማረ ነው፤ ለእኔ ቤት ግን አልሆነም። ከሁለት ዓመት በፊት ልጄ ዛፉ ሥር የወደቀ እርሳስ ለማንሣት ጎንበስ ስትል ቅርንጫፉን ነክታ አራቱን በአንድ ጊዜ አረገፈቻቸው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ስለሆነ ስብርባሪውን ከምንጣፉ ውስጥ እስከ ጥምቀት ድረስ ስለቅም ቆየሁ። በኪሮሽ ልሥራው ያልሁት ያኔ ነው።

ኪሮሽ ሲባል እርስዎ የሚያውቁት በሬዲዮናችን ላይ ተነጥፎ የነበረውን ነጭ ዳንቴል ነው። በዳንቴል አበባውም ኮከቡም የሚወጣው ከቀዳዳው ነው፤ ሠሪዋ መልኩን የምታወጣው ክፍት ቦታ እየተወች ነው። የእኔው ሥራ ግን ቀዳዳ የለውም፤ ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ መልኩ የሚወጣው ከቀለም ብቻ ስለሆነ፣ ከዳንቴል ይልቅ ለእርስዎ ጥለት የቀረበ ነው። ልዩነቱ ድርና ማግ የሌለው መሆኑ ነው፤ ያው አንዱ ክር ድርም ማግም ሆኖ በራሱ ላይ እየተቋጠረ ያድጋል። መሣሪያውም ጫፉ የተቆለመመ አንድ መርፌ ነው፤ እግር የሚረግጠው፣ እጅ የሚወረውረው ሌላ ነገር የለም። በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ሻዩ እስኪፈላ ድረስ እንኳ አንድ ዙር ይሠራል።

ጌጡ እንደ ኳስ ድብልብል ነው፤ ሲጀመር በአንድ ቀለበት ላይ 6 ዓይን ይሠራል (እኔ «ዓይን» የምለው እያንዳንዱን ቋጠሮ ነው)። በሚቀጥለው ዙር 12፣ ከዚያ 18፣ 24፣ 30፣ 36 እያለ በየዙሩ ስድስት ስድስት ይጨመራል። 36 ሲሞላ መጨመር ይቆምና ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጥለቱ የሚገባው በዚህ ቀጥ ባለው ወገብ ላይ ነው። ቀጥሎ በመጣበት መንገድ እየተቀነሰ ወደ 6 ይመለሳል፤ አፉ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ ይሞላል። የምሞላው ምን እንደሆነ ገምተው ይሆናል፤ ጥጥ ነው፣ እንደ ባዘቶ አፍታትቼ። ስለዚህ፣ አባባ፣ ያ ጥጥ ዛሬ በቅጠል ላይ አልተበተነም፤ እርስዎ እንዳሉት ልብስ ለብሶ ነው የተሰቀለው።

ከሁሉ የከበደኝ ቀለም መለወጥ ነው። ተራው ያልደረሰው ክር ከኋላ ተንጠልጥሎ አይቀርም፤ በሚሠራው ዓይን ሆድ ውስጥ ተደብቆ አብሮ ይጓዛል። ጠብቆ ከተያዘ ኳሱ እንደ ደረቀ ቃሪያ ይጨማደዳል፤ ከላላ ደግሞ ቀዩ በነጩ ዓይን መካከል አሾልቆ ያያል። ቀለሙም የሚለወጠው አዲሱ ዓይን ሲጀመር ሳይሆን የቀድሞው ሲዘጋ ነው፤ የመጨረሻዋ መሳብ በአዲሱ ክር መሆን አለባት፤ አለዚያ ነጩ ዓይን ቀይ ቆብ ደፍቶ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኳሶች ሁሉ እንዲህ አበላሽቻቸው ነበር። ኪሮሽ ያስተማረችኝ ጎረቤቴ፣ ዕድሜዋ ከእርስዎ የማያንስ ጀርመናዊት ባልቴት፣ መነጽሯን አድርጋ ሦስተኛውን ኳስ አገላብጣ አየችውና አንዲት ቃል ሳትናገር የክሩን ጫፍ ይዛ ተረተረችው። በሽሮ ሜዳ ተቀምጬ በእርስዎ እጅ ሲተረተርብኝ የማየው ያህል ነበር የተሰማኝ።

አራተኛው ላይ መስቀል አስገባሁ፤ በካሬ ደብተር ላይ ሥዬ፣ ዓይኑን ቆጥሬ፣ ምንም ሳልሳሳት። ሲያልቅ ግን መስቀሉ ጠላ እንደጠጣ ሰው ወደ ቀኝ አዘምሞ ቆመ። መልሼ ብቆጥር ቁጥሩ ልክ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ለካ በክብ ሲሠራ አንዱ ዓይን በሌላው ራስ ላይ ልክ አይቀመጥም፤ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ወደ ጎን ይገፋል፤ አሥር ዙር ሲደራረብ ቀጥ ያለው መስመር ይጋደማል። እርስዎ ይህ ችግር ኖሮብዎት አያውቅም፤ ድሩ ተወጥሮ ስለሚጠብቅዎት ማጉ የትም አይሄድም። መድኃኒቱ መርፌውን እንደ ልማዱ ከዓይኑ ራስ ላይ ሳይሆን ከሁለቱ እግሮቹ መካከል ማስገባት ነው። በዚህ መንገድ መስቀሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ነገር ግን ሥራው ስለሚጠብቅ ጣት ያሳምማል፤ ስለዚህ ከ2.5 ሚሊ ሜትሩ መርፌ ወደ 3 ሚሊ ሜትሩ ተዛውሬ እጄንም ማላላት ተማርሁ።

አንድ ጥፋት ግን ከእርስዎ የተማርሁትን በመርሳቴ የደረሰብኝ ነው። ኳሱ ቅርጽ እንዲይዝ ብዬ ውኃ ነክሬ ብጨምቀው ቀዩ ለቀቀና ነጩን ሁሉ ጽጌረዳ አስመሰለው። እርስዎ የቀለም ክር ሲገዙ ከጫፉ ቆርጠው፣ በምራቅዎ አርሰው፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አሽተው ሳያዩ ለነጋዴው ብር እንደማይሰጡ እያወቅሁ ነው ይህን ያደረግሁት! አሁን ቀዩን ክር ብቻውን፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ፣ አስቀድሜ አጥበዋለሁ።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ልንገርዎት። መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን አሰልፌ ነበር፤ በጠረጴዛ ላይ ደስ ይላል። ዛፉ ላይ ሲሰቀል ግን አረንጓዴው በቅጠሉ መካከል ይጠፋና ኳሱ ወገቡ ተቆርጦ የወደቀ ይመስላል። አሁን መደቡን ነጭ ወይም ቢጫ አደርጋለሁ፤ አረንጓዴውን ለቀጭን መስመር ብቻ አስቀረሁት። እስከ ዛሬ 14 ደርሰዋል፤ ሁለቱን ልጄ ሸጉጣቸዋለች፣ የት እንደሆነ አልነግርሽም ትላለች።

የዚህ አገር ሰው ዛፉን የሚያወርደው በእነርሱ ጃንዋሪ 6 ገደማ ነው። የእኛ ገና ደግሞ በማግሥቱ፣ ታኅሣሥ 29 ነው! እኛ ጾሙን ፈተን ዶሮ ስንበላ የጎረቤቶቻችን ዛፎች ራቁታቸውን መንገድ ዳር ተጥለው የከተማውን መኪና ይጠብቃሉ። የእኔው እስከ ጥምቀት ይቆማል። ከጥቂት ዓመት በፊት ጎረቤቴ ለምን ሳላወርደው እንደዘገየሁ ስትጠይቀኝ፣ የእኛ ጌታ ገና ዛሬ ነው የተወለደው አልኋት፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሁለት ልደት እንዲኖራት እፈልጋለሁ ብላ ለዶሮው ትመጣለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለእናቴ በእጅዎ የሸመኑላት፣ ከሞተች በኋላም ለእኔ የሰጡኝ ነጠላ እዚህ ከእኔ ጋር ነው። ጥለቱን፣ ያንን ባለ መስቀሉን፣ በኳስ ላይ ላወጣው እፈልጋለሁ። እርስዎ ቁጥሩን በወረቀት ላይ አኑረውት ስለማያውቁ ከነጠላው ላይ ልቆጥረው ጀመርሁ። በማጉያ መነጽር እያየሁ፣ ልጄ እየጻፈችልኝ፣ ሦስት ማታ ቆጠርን። በአንደኛው ጫፍ መስቀሉ ከነዳር ዳሩ 11 ይመጣል፤ በሌላው ጫፍ ግን 13 ነው። በእጥበት ብዛት ክሩ ተጣብቆ ዓይኔን አታሎኝ ይሆናል። ወይም ሆን ብለው ያደረጉት ይሆናል። በታኅሣሥ ጥድፊያ፣ በኩራዝ ብርሃን የመጣ ስሕተት ነው ብዬ ግን አልደፍርም።

ስለዚህ መልስዎን ለወንድሜ ይንገሩት፤ እርሱ ይጽፍልኛል። ትክክለኛው የቱ ነው? መስቀሉ መካከል ላይ የምትገባው ቢጫስ ስንት ክር ናት? ኳሱን ጀምሬ 30 ዓይን ላይ አቁሜዋለሁ። 11 ካሉኝ ሦስት ብቻ ጨምሬ 33 አደርገዋለሁ፤ ጥለቱ ሳይቆራረጥ ሦስት ጊዜ ይዞራል። 13 ካሉኝ ግን 39 እስኪሆን አሰፋዋለሁ፤ ኳሱ ትንሽ ይተልቃል እንጂ ያም ሦስት ጊዜ ይዞራል። መርፌውን ከነክሩ ከልቃቂቶቹ ጋር በሳጥኑ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ቃልዎ እስኪደርሰኝ አልነካውም።

ናፋቂ ልጅዎ