ለፍሬሽማኗ ልጄ

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ። ዶርሙን ለመድሽው? ብርድ ልብሱ ካነሰሽ ንገሪኝ፣ ሰው ሲመጣ እልክልሻለሁ። ስልክ ላይ «እሺ እማ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው በቴሌግራም የጻፍኩልሽ። ረዘመ ብለሽ እንዳታልፊው።

የምጨቀጭቅሽ አንድ ነገር ነው። የተሰራ ጥያቄ ማንበብ መስራት አይደለም። ሰሞኑን ከሲኒየሮች አሮጌ ፈተና፣ ወርክሺት፣ መልሱ ከነአሰራሩ ያለበት ፒዲኤፍ ይጎርፍልሻል። ተቀበይ፣ ምን ከፋ። ግን መልሱን ሸፍነሽ መጀመሪያ ራስሽ ታገይው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶ ባይመጣልሽም ግዴለም፣ የት ጋ እንደተያዝሽ ካወቅሽ በኋላ መልሱን ስታዪው ያኔ ይገባሻል። እያየሽ «ይሄማ ቀላል ነው» ያልሽው ጥያቄ ፈተና ላይ ትንሽ ሲለወጥ ጉድ ይሰራሻል።

ከራሴ ክፍል ላሳይሽ። 10 ኪሎ ሳጥን ወለል ላይ ተቀምጧል፣ ወለሉ ወደ ላይ የሚገፋው በስንት ኃይል ነው ስላቸው ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ 98 ኒውተን ይላሉ። ልክ ናቸው። ያንኑ ሳጥን 30 ዲግሪ ያዘመመ ጣውላ ላይ አድርጌ ስጠይቃቸው ግን አሁንም 98! ቸክለውታላ። መልሱ 85 አካባቢ ነው። ክብደቱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ሳጥኑን ቁልቁል ይስባል፣ ጣውላውን ቀጥ ብሎ የሚጫነው ሌላኛው ብቻ ነው። ኃይሎቹን በቀስት የሳለ ልጅ ይሄ አያመልጠውም፣ ያልሳለው ቀመር ፍለጋ ይገባል። ስለዚህ ቀስቶቹን ሳይ፣ ወረቀት አትሰስቺ።

ፕሮግራሚንግም ያው ነው። የጓደኛሽን ኮድ ኮፒ አድርገሽ «ሰራልኝ» አትበይ። ሴሚኮለን (;) ረስተሽ ኮምፒውተሩ በቀይ ሲሰድብሽ ነው የምትማሪው።

ደግሞ ሎጂክና ሳይኮሎጂን «የሶሻል ኮርስ» ብለሽ እንዳትንቂ። እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ናቸው፣ ከፊዚክስ እኩል። ኤ 4 ነው፣ ሲ 2 ነው፤ በ3 አባዢውና አንዷ ሲ 6 ነጥብ ስትበላሽ ታያለሽ። ዲፓርትመንት ስትመርጪ የሚታየው የፍሬሽማን ውጤትሽ ነው፣ ሶፍትዌር ሶፍትዌር ስትዪ የኖርሽው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ እሱን የሚሞላው ሰው ብዛት ይታወቃል። የመውጫ ፈተናው ገና ነው፤ ቢሆንም ከ2015 ወዲህ እሱ ላይ 50 ከመቶ ሳያመጡ ዲግሪ የለም፣ በሽምደዳ እዚያ አይደረስም።

ያልገባሽን አስተማሪው ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ። ዓይን አፋር መሆንሽን አውቃለሁ። የሞከርሽበትን ወረቀት ይዘሽ ግቢና «እዚህ ጋ ነው የቆምኩት» በይው። ባዶ እጅሽን ሄደሽ «ምዕራፉ አልገባኝም» ብትዪው ምን ይመልስልሽ?

ሌሊት ሙሉ አፍጥጦ ማደሩን ተዪው፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ለማንጎላጀት ነው።

የሚድ ውጤት ሲለጠፍ ደውይልኝ፣ ቢበላሽም ደውይ፣ ከሰው እንዳልሰማ። አባትሽ ካልኩሌተርሽን ሶፋው ስር አገኘው (ኢንጂነር ልትሆኝ!)፤ ቅዳሜ ወደዚያ በሚመጣው የጎረቤት ልጅ ልኬልሻለሁ፣ ባትሪውን ቀይሬበታለሁ።

እማ