ደብዳቤ ለልጄ፦ ቁልፉን እንዳትነቅይ

ልጄ ሚሚዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ከማመሙ በቀር ምንም የለም።

ወንድምሽ ትናንት እራት ላይ ሳያስበው አመለጠው። ዲኤክስ መኪናሽ አባይ በረሃ ውስጥ ሞተሯ እንደጠፋብሽ፣ ከድልድዩ በላይ ፀሐይ ላይ እንደቆምሽ፣ የሲኖ ሾፌርና ረዳቱ ወርደው ገፍተው እንዳስነሱልሽ፣ ደግሞም ይህ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ነገረን። እናትሽ እጇን ታጥባ ተነሳች። ለእኔ ያልነገርሽኝ «ሽጪያት ይለኛል» ብለሽ ነው አይደል? አልልም። ግን ወንድምሽ አንድ ነገር ጨመረ። ሌላ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ስትጠፋብሽ ደንግጠሽ ቁልፉን ወደ ኋላ መልሰሽ ልትነቅይው ነበር አለ። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን ያዢ፦ መኪናዋ እየተንከባለለች ቁልፉን እንዳትነቅይ። ቁልፉ ከወጣ መሪው ይቆለፋል። መሪ ተቆልፎ አባይ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚከተል አልጽፍም፤ እናትሽ ይህን ደብዳቤ ታነበዋለች።

ሞተር ጠፋ ማለት ፍሬን ጠፋ ማለት አይደለም። የሚቋረጠው ፍሬኑን የሚያግዘው የሞተሩ የአየር ስበት ነው። የተጠራቀመው አንድ ሁለቴ ያግዝሻል፤ ደጋግመሽ ከረገጥሽ ግን ያልቅና ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቅብሻል። አንዴ ጠበቅ አድርገሽ ረግጠሽ ያዢ። ቁልቁለት ላይ ከሆንሽ ከማርሽ አታውጪያት፤ በሁለተኛ ማርሽ የጠፋ ሞተርም ቢሆን ይይዛታል፤ አንዳንዴም እየተንከባለለች ራሷ ትነሳለች። ሜዳ ላይ ከሆንሽ ፍሪሲዮን ረግጠሽ፣ ባላት ፍጥነት ዳር አስይዢያት። ከቆመች በኋላ የእጅ ፍሬን፣ ጎማ ሥር ድንጋይ፣ ከኋላ ትሪያንግል። ስትነሺ ደግሞ ድንጋዩን አንሺ! መንገድ መሃል ድንጋይ ጥሎ የሚሄድ ሾፌር እርግማን ነው የሚያተርፈው፤ ልጄ ከእነሱ እንድትቆጠር አልፈልግም።

አሁን ወደ ጋራዡ። ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላና ለሱ ኃይል የሚልከውን ቦቢና አስቀየሩሽ አሉ፤ አሁን ደግሞ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር እናውርደው እያሉሽ ነው። ማን አያት ስትጠፋ? «እስቲ ይሄንን እንሞክረው» የሚል መካኒክ የሚሞክረው በአንቺ ደመወዝ ነው። መጀመሪያ የአጠፋፏን ዓይነት ለዪ። መብራት እንደሄደ ድርግም ካለች የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ያኔ ዳሽቦርዱን እዪ፤ ቁልፉ ቦታው ላይ እያለ የዘይትና የባትሪ መብራቶች ካልበሩ የባትሪው ጫፍ ላልቷል፣ ወይም ቁልፉ የሚገባበት እቃ አልቋል። ከበሩ ቦቢናውንና ኃይሉን ለየካንዴላው የሚያድለውን ዲስትሪቢውተር ጠርጥሪ፤ ያረጀ ቦቢና ሲግል ይተኛል፣ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይሠራል። እየጎተተች፣ እየተንገጫገጨች፣ ቤንዚን ስትሰጫት እየሰነፈች ከጠፋች ግን ቤንዚን እየራባት ነው። ሚኒሞ ላይ፣ ማለት ቤንዚን ሳትረግጪ ቆማ ስትሠራ ብቻ የምትጠፋ ከሆነ ቀላል ነው፤ ለሱ አታስቢ።

ወንድምሽ እንደሚለው የአንቺ እየተንገጫገጨች፣ ያውም ዳገት ላይ፣ ያውም በሙቀት ነው። ታዲያ ካንዴላ ምን አደረገ?

ስትቆም ሳትቀዘቅዝ ኮፈኑን ክፈቺ። ካርቡራቶሩ ጎን ትንሽ ክብ መስታወት አለች፤ ቤንዚኑ እስከ መሃሏ መታየት አለበት። ባዶ ከሆነች ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው። የዲኤክስ የቤንዚን ፖምፓ ሞተሩ ላይ ስለተገጠመ ይግላል፤ ሲግል ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይተንና መሄድ ያቆማል። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገሽበት ታገሺ። ከዚያ በፊት ግን የሳልባትዮውን፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያውን፣ ክዳን ፈታ አድርጊና ጆሮሽን አቅርቢ።

ይህን ያስተማረኝን ልጅ ልንገርሽ። ቤንዚን በኩፖን በነበረበት በደርግ ዘመን የመሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ስነዳ አንድ ረዳት ነበረኝ፤ የጎሃ ጽዮን ልጅ፣ ከአንቺ ታናሽ ወንድም የማይበልጥ። ላንድሮቨሯ ከድልድዩ ወደ ደጀን ስንወጣ እየታነቀች ትጠፋለች፤ ትንሽ ስንቆም ትነሳለች፤ ትንሽ ሄዳ ደግሞ ትጠፋለች። አዲስ አበባ ያሉት ባለሙያዎች ፖምፓውን ቀየሩ፣ ፊልትሮውን ቀየሩ፣ እኔንም «አነዳድህ ነው» አሉኝ። አንድ ቀን ልጁ ቤንዚን ሊሞላ ክዳኑን ሲከፍት «ጋሼ፣ ተነፈሰች!» አለኝ። አስደገምኩት። ፍስስስ ብላ አየር ሳበች። ለካ ዋናው ክዳን ጠፍቶ አንዱ በጎማና በፌስታል ወትፎታል፤ ቤንዚኑ ሲወጣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ የለም፣ ሳልባትዮው ራሱ መልሶ ይስበዋል። ስንቆም አየሩ በስንጥቅ ቀስ እያለ ይገባል፣ ትነሳለች። ልጁ ፌስታሉን በምስማር በሳው፤ ደጀን ድረስ አንዴም ሳትጠፋ ወጣች። እየሳቀ ነበር የወጣው፣ እግሩን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅሎ።

መንጃ ፈቃድ አወጣልሃለሁ ብዬው ነበር። ፎቶውን ሁሉ ተነስቶ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ቀደመኝ። እናቱ ጎሃ ጽዮን መውጫ ላይ ቆሎ ትሸጥ ነበር፤ ባለፍኩ ቁጥር ወርጄ እገዛ ነበር፣ ወሬም አልነበራትም፣ እኔም አልነበረኝም። በኋላ እሷም እዚያ ቦታ ጠፋች። አንቺ በዚያ በኩል ስታልፊ እሱን ነው የማስበው።

እንግዲህ ክዳኑን እዪ። ሌላው ቤንዚን ነው። ማደያ ሰልፍ ሲበዛ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቀድተሻል፤ አትካጂ፣ ሁሉም ቀድቷል። ውሃና አፈር ያለበት፣ ነጭ ጋዝ የተቀየጠበት ነው። ቆሻሻው ታች ይተኛል፣ ዳገት ላይ ተሰብስቦ መውጫውን ይደፍናል። ሳልባትዮው ሩብ ሳይደርስ ሙዪ። ለጋራዡም ካርቡራቶሩን አትንኩ፣ ሳልባትዮውን አውርዳችሁ እጠቡ በያቸው። ቤንዚን በሚሸትበት ቦታ ደግሞ የካንዴላ ብልጭታ እንዳይሞክሩ፤ ሲጋራ የሚያጨስም ካለ አስወጪው። ማስታወሻ ደብተር ያዢ፤ ስትጠፋ ዳገት ነው ቁልቁለት፣ ግላለች ቀዝቅዛለች፣ ስንት ቤንዚን ነበራት፣ ጻፊ። ለኔ ላኪልኝ።

ይህ እስኪሠራ አባይን ብቻሽን አትውረጂ። በሚኒባስ ነይ፤ ለትንሣኤ እንጠብቅሻለን። ወንድምሽንም አትቆጪው፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኩት።

ከሶማሌ ተራ የገዛሁትን ክዳንና የቤንዚን ፊልትሮ በደጀን አውቶቡስ ልኬያለሁ፤ ሾፌሩ ይደውልልሻል። ፊልትሮው ላይ ቀስት አለ፣ ወደ ሞተሩ ይዙር፤ በግልባጭ እንዳያስሩብሽ ቆመሽ እዪ። የቱቦውን ማሰሪያም አዲስ ይሁን፣ አሮጌው ያንጠባጥባል። ቁልፉን ነገር ደግሞ ነግሬሻለሁ፦ ሳትቆም እንዳትነቅይ።

አባትሽ