የቢራቢሮ ዓሣ ለጠየቃችሁን ውድ ደንበኞቻችን

ሀዋሳ
ጉዳዩ፦ የቢራቢሮ ዓሣ የምንሸጥበትን ሁኔታ ስለማሳወቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

በቤት ውስጥ የመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) የሚያኖሩትን የባሕር ዓሣ፣ የቢራቢሮ ዓሣን፣ ፈልጋችሁ ከመጣችሁ ደንበኞቻችን መካከል አንዳንዶቻችሁን «ለጊዜው አንሸጥላችሁም» ብለን መልሰናል። ገንዘቡን ይዞ ለመጣ ሰው ይህ መልስ ቅር እንደሚያሰኝ ስለምንረዳ ምክንያታችንን ማስረዳት ይገባናል።

ዋናው ነገር ምግቡ ነው። የቢራቢሮ ዓሣ ከ120 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን አመጋገባቸው በእጅጉ ይለያያል። በቀይ ባሕር የሚኖረው ኬቶዶን አውስትሪያከስ በብርቱካናማ ገላው ላይ ጥቋቁር መስመሮች የተሰመሩበት፣ ዓይን የሚያፈዝ ዓሣ ነው፤ ነገር ግን የሚኖረው ሕያው ኮራል (ድንጋይ መሰል የባሕር እንስሳ) እየለቀመ ነው። ሌላ ምግብ ሲቀርብለት አፉን አስጠግቶ ያየውና ዞር ይላል። ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ ምግብ በፊቱ እየተንሳፈፈ፣ በረሃብ ያልቃል። ይህን ዝርያ ማንም ቢጠይቀን አናስመጣም።

ለቤት የምንመክረው ኬቶዶን ኦሪጋን ነው። ነጭ ገላው ወደ ጅራቱ ቢጫ ይሆናል፤ ሲያድግ ከጀርባ ክንፉ ቀጭን ክር ይዘረጋል። በተፈጥሮው ትላትልም፣ ትናንሽ ሽሪምፖችም፣ አልጌም ስለሚበላ በበረዶ የተቀመጡ ማይሲስና አርቴሚያ የሚባሉ ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጥረታትን መብላት መልመድ አይከብደውም። ቢሆንም ሲበላ ሳናይ ከመደብራችን አናስወጣውም። እናንተም «አብሉልኝና ልየው» በሉን፤ መብታችሁ ነው። በዚያው ከዓይኑ በላይ ያለውን ግንባሩንና ጀርባውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሥጋው ጎድጉዶ ከገባ ከርሞ የተራበ ዓሣ ነውና አትውሰዱት። በባሕር ቀኑን ሙሉ ሲለቅም የሚውል ፍጥረት ስለሆነ ቤት ከገባ በኋላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መመገብ አለበት። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የተገዛ ቆሮሶ (የሐይቅ ዓሣ) ቆራርጦ መስጠት ዋና ምግብ አይሆነውም።

የሐይቃችን ውኃ ላይ የገበያ ጨው ጨምረን እንጠቀም ወይ ላላችሁን፦ አይሆንም። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ከተራው ጨው ሌላ 400 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየምና 1,300 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዝየም ይይዛል። ለአኳሪየም የተዘጋጀውን የባሕር ጨው በተጣራ ውኃ በጥብጡ። ጨዋማነቱ በሊትር 35 ግራም፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡት መርዛማዎቹ አሞኒያና ናይትራይት ውኃው ሲለካ ፈጽሞ መታየት የለባቸውም። ኦሪጋ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ ከ400 ሊትር ላነሰ ገንዳ አንሸጥም።

አሁን ደግሞ በባሕር ዳርቻ ላሉ ሰዎች የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሱት ጉዳይ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውኃ መያዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው ወደ አንድ አምስተኛ በሚጠጋ መጠን ይቀንሳል። ጨዋማና ሞቃት ውኃ ደግሞ ቀድሞውንም ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያነሰ ነው። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም የእናንተ ዓሣ ያለው ጊዜ አጭር ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ለሌለው ቤት ዓሣውን የማናስረክበው በዚህ ምክንያት ነው። ፓምፑን ከእኛ ዘንድ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ መኖሩ ግን ግዴታ ነው። መብራት እስኪመለስ ምግብ አትስጡ።

ሌሊት ቀለሙ ደብዝዞ ብታዩት አትደንግጡ። ብዙዎቹ የቢራቢሮ ዓሦች ሲመሽ መልካቸውን ይለውጣሉ፤ ሲነጋ ይመለሳል።

ዓሣ ለመውሰድ የተዘጋጃችሁ ሁሉ ከገንዳችሁ አንድ ብርጭቆ ውኃ በንጹሕ ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ፤ ያለክፍያ እንለካላችኋለን። ቀብድ ከፍላችሁ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ሐሳባችሁን የለወጣችሁ ካላችሁ ገንዘባችሁን ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን።

ከሰላምታ ጋር
የመደብሩ ባለቤትና ሠራተኞች