ጥንቸል የተቀመጠችበትን ትበላለች

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ቤት እንስሳት አያያዝ ሲጻፍ ስለ ጥንቸል ምግብ ብዙ ይባላል። ከእግሯ ሥር ስለሚነጠፈው ነገር ግን «ንጹሕ ጉዝጓዝ ያድርጉላት» ከሚል አንድ መስመር በላይ እምብዛም አይገኝም። አሳዳጊውም ሌላ መመሪያ ስለሌለው የጥንቸል ሥዕል ያለበትን ከረጢት አንስቶ ይሄዳል። ሥዕሉ ስለ ውስጡ የሚመሰክረው ነገር የለም። ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ ጥንቸል የታተመበት ከረጢት ተከፍቶ ሲታይ ለጥንቸል የማይሆን፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ የእንጨት ፍቅፋቂ ሊወጣው ይችላል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ጥንቸልን እንደ ድመት ከመቁጠር ነው። ድመት መጸዳጃዋ ውስጥ ገብታ፣ ጭራ፣ ቀብራ ትወጣለች። ጥንቸል ግን እዚያው ተቀምጣ ድርቆሿን ትበላለች፣ መዳፏን ትልሳለች፣ ታሸልባለች፤ ከሥሯ ያለውንም አንዳንዴ ቀመስ ታደርጋለች። ስለዚህ ለእሷ ጉዝጓዝ ሲመረጥ መኖ እንደሚመረጠው ሁሉ መጠንቀቅ ይገባል። አፏ መግባቱ አይቀርምና።

በዚህ ሚዛን መጀመሪያ የሚወድቀው ውድ የሆነው የድመት አሸዋ ነው። ሲረጥብ የሚጓጉለው ዓይነት በአብዛኛው ቤንቶናይት ከሚባል የሸክላ አፈር ይሠራል። ድመት አሳዳጊዎች የሚወዱለት ጠባይ፣ ማለትም ውሃ ሲነካው አብጦ መጋገሩ፣ ለጥንቸል ዋናው አደጋ ነው። መዳፏ ላይ የተጣበቀውን ስትልስ ወይም ፍሬውን ስትቆረጥም ሆዷ ውስጥ ገብቶ አንጀቷን ሊዘጋ ይችላል። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም። ለ12 ሰዓታት ያህል እህል ካልቀመሰች ወይም በጠጥ ካልጣለች ለነገ የማይባል ድንገተኛ ሕመም ነውና በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰድ። የማይጓጉለው የሸክላ አሸዋም አቧራው ብዙ ነው። እንደ መስተዋት ስባሪ የሚያብረቀርቀውን የሲሊካ ጄል ዓይነትም ለሚቆረጥም እንስሳ አልመክረውም። ሽቶ ወይም ሽታ ማጥፊያ የተጨመረበት ማንኛውም ጉዝጓዝ ይቅር።

እንጨት ላይ ስንመጣ ጉዳዩ ረቀቅ ይላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ጥድ መሰል የሆኑት የፓይንና የሴዳር ዛፎች ፍቅፋቂ ያ ደስ የሚል ሽታው የሚመጣው በቀላሉ ከሚተኑ ውህዶች ነው። ሌት ተቀን በዚያ ላይ የምትተኛ ጥንቸል ትንፋሿ በገባ ቁጥር ትስበዋለች። ውህዶቹን የማስወገዱ ሥራ የሚወድቀው ጉበቷ ላይ ሲሆን የጉበቷ ኢንዛይሞች ከልክ በላይ ይነቃቃሉ። ከውጭ ሲያይዋት ምንም አትመስልም። ችግሩ ብቅ ሊል የሚችለው መድኃኒት ወይም ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ስትወስድ ነው፤ የተነቃቃው ጉበት መድኃኒቱን ከሚጠበቀው በላይ ፈጥኖ ሊያስወግደው ይችላል። ከሁለቱ የሚብሰው ሴዳር ነው፤ እሱ በምንም ሁኔታ አይነጠፍ። እንደ አስፐን ካሉ ሽታ አልባ ዛፎች የተገኘ ፍቅፋቂ ግን ደህና ነው።

ከአናጢ ቤት በነጻ የሚገኘው ሰጋቱራስ? ነጻ መሆኑ ያጓጓል። ነገር ግን በአንድ ቀን ውስጥ ኮምፔንሳቶ፣ ቺፑድና ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት በዚያው መጋዝ ሥር ያልፋሉ። ሙጫው፣ ቀለሙና የእንጨት መከላከያ ኬሚካሉ ከሰጋቱራው ጋር ስለሚደባለቅ በዓይን መለየት አይቻልም። ባለሙያው አንድ ዓይነት ያልታከመ እንጨት ብቻ እንደሚሰነጥቅ እርግጠኛ ካልሆኑ ይተዉት። እርግጠኛ ቢሆኑም ዱቄቱ አፍንጫ ይሞላልና በወንፊት ሳይነፋ አይነጠፍም።

በእኔ ሚዛን ከደኅንነትም ከዋጋም አንጻር የሚበልጠው በፔሌት፣ ማለትም በትንንሽ ደረቅ ፍሬ መልክ የተጨመቀው እንጨት ነው። ሰጋቱራው በሙቀት ደርቆ በከባድ ግፊት ሲታመቅ ከሚተኑት ውህዶች አብዛኛው ስለሚወጣ ከፓይን የተሠራው እንኳ ጥሬው ፍቅፋቂ እንዳለው ዓይነት ሥጋት የለበትም። ፍሬዎቹን አያይዞ የሚያቆማቸው እንጨቱ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ሊግኒን ነው፤ ጥሩ ፔሌት ሙጫ አይሻም። ለፈረስ ጋጣ የሚሸጠውና ለጥንቸል ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ የሚለያቸው የከረጢቱ መጠንና ዋጋው ነው። ለምድጃ ማገዶ የሚሸጠውም ሊሆን ይችላል፤ ግን ማቀጣጠያ ወይም ሌላ ተጨማሪ ነገር እንደሌለበትና ከንጹሕ እንጨት እንደተሠራ ከረጢቱ ላይ ተጽፎ ሲገኝ ብቻ ነው።

ጽሑፉን ብቻ አምኖ ከመቀመጥ እቤት መፈተን ይሻላል። አንድ የሻይ ብርጭቆ ፔሌት ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርገው በዚያው ብርጭቆ ልክ ለብ ያለ ውሃ ያፍሱበትና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ጥሩው ውሃውን ጠጥቶ፣ ከእጥፍ በላይ አብጦ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ እርጥብ ሰጋቱራ ይሆናል። ጠጥሮ ከቀረ፣ ውሃው ላይ የዘይት ቅባት ካንሳፈፈ፣ ወይም የቀለምና የሙጫ ሽታ ከሰጠ ለጥንቸል አይሆንም። ከዚያ ደግሞ አንድ እፍኝ ደረቁን ከክንድ ከፍታ ላይ፣ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ወደ ባልዲ ይልቀቁት። አቧራው ደመና ሆኖ አየር ላይ ከቆየ ጥንቸሏም የምትስበው ያንኑ ነው።

ከወረቀት የተሠራ ፔሌትም እጅግ ጥሩ ነው፤ ለእግር ይለሰልሳል፣ ቢቀመስም ብዙ አያስፈራም። ጉድለቱ ዋጋው ነው። ጋዜጣ ደግሞ፣ ይህችን ደብዳቤ የያዘውም ጭምር፣ ከተነበበ በኋላ ለመጸዳጃ ሳጥኗ ታች ንጣፍነት ይጠቅማል። ብቻውን ግን ሽንት ይዞ ሽታ ማፈን አይችልም፤ ቶሎ ይላቁጥና እግር ላይ ይለጠፋል። የሚያብለጨልጭ የመጽሔት ወረቀት አይሁን። ጋዜጣውን እየቀደደች የምትውጥ ጥንቸል ካለችም ይቅርባት።

ከእህል ተረፈ ምርት የሚሠሩትን በጥርጣሬ ይዩዋቸው። የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሲዋጥ አይፈጭም፣ ሲረጥብም ይሻግታል። ከስንዴና ከአልፋልፋ የተሠሩት መርዝ አይደሉም፤ ችግራቸው መጣፈጣቸው ነው። መጸዳጃዋን ቁርስ ያደረገች ጥንቸል ትወፍራለች፣ ሆዷም ይነፋል። ጭድ ለመኝታ ሙቀት ይሰጣል እንጂ ውጫዊ ልባሱ ሰም መሰል ስለሆነ ሽንት አይመጥም።

አሁን ወደ ዋጋው። የእንጨት ፔሌት በኪሎ፣ ፍቅፋቂና ወረቀት በሊትር ስለሚሸጡ የከረጢቶቹን ዋጋ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያሳስታል። መጠየቅ ያለበት «ይህ ከረጢት ስንት ቀን ያደርቃል?» የሚለው ነው። ወለሉ 40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፔሌት ቢነጠፍበት 3 ሊትር፣ በክብደት 2 ኪሎ ገደማ ይወስዳል። እርጥቡ በየቀኑ እየተነሣ በ4 ቀን አንዴ ሙሉ በሙሉ ቢቀየር የ15 ኪሎ ከረጢት አንድ ወር ያህል ያገለግላል። እዚያው ሳጥን ላይ ፍቅፋቂ ቢሆን ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ማለትም 10 ሊትር ያስፈልጋል፤ በ2 ቀን ከተቀየረ የ60 ሊትር ከረጢት 12 ቀን ላይ ያልቃል። የፔሌቱ ከረጢት የፍቅፋቂውን እጥፍ ቢያወጣ እንኳ ርካሹ ፔሌቱ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ቀጭን አድርገው ሲያነጥፉ ነው። ፔሌት እንደሚያብጥ የማያውቅ ሰው 5 ሴንቲ ሜትር ይሞላና ታቹ ሳይነካ ሁሉንም ይጥላል። ጥንቸል ደጋግማ የምትሸናው አንድ ጥግ ላይ ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ያኔ ፔሌቱን እዚያ ጥግ ላይ ወፈር፣ ሌላው ቦታ ላይ ሳሳ አድርገው ቢነጠፍ ፍጆታው በእጅጉ ይቀንሳል።

ሳጥኑ ጥንቸሏ ዞራ መቀመጥና መዘርጋት የምትችልበት ይሁን፤ ጠባብ የጥግ ሳፋ ግማሹን ሽንት ወለል ላይ ያስቀራል። መግቢያው ከ10 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ በተለይ ላረጀችና መገጣጠሚያዋ ለሚያማት። ታች ሁለት ሦስት ድርብ ጋዜጣ፣ በላዩ ፔሌት፣ ከዚያ በላይ በአንደኛው ጫፍ አንድ ትልቅ እፍኝ የሣር ድርቆሽ ያድርጉ። ጥንቸል እየበላች ስለምትጥል ድርቆሹ ወደ ሳጥኑ ይስባታል። የፔሌቱ ፍሬ መዳፏን እንዳይቆረቁራትም ድርቆሹ ይጋርዳል። መዳፏ እንደ ድመት ወፍራም ትራስ የለውም፤ ፀጉር ብቻ ነው። ጠንካራና እርጥብ ነገር ላይ ከዋለች ፀጉሩ ይሳሳና ቋንጃዋ ይቆስላል። ሽቦ ወለል የማይመከረውም ለዚሁ ነው።

አዲስ ለምትለማመድ ጥንቸል ሳጥኑን አጥቦ እንደ አዲስ ማብረቅረቅ ይጎዳል፤ የገዛ ሽታዋን ካጣች ቦታው መጸዳጃ መሆኑ ይጠፋባታል። በየጊዜው ጥቂት በጠጥና በሽንት የራሰ ቁራጭ ወረቀት ይተዉላት። የጉዝጓዝ ዓይነት ሲቀየርም ሩቡን አዲስ፣ ቀሪውን አሮጌ አድርገው በሳምንት ውስጥ ይለውጡ። ያልተኮላሸ ወንድ ግድግዳ ላይ የሚረጨውን ሽንት ግን የሚያስቆም ጉዝጓዝ የለም። ለምዳ የነበረች ጥንቸል በድንገት ከሳጥኑ ውጭ መሽናት ከጀመረች የሽንት ቧንቧ ሕመም ወይም ጠጠር ሊሆን ስለሚችል ከመቆጣት በፊት ትመርመር።

መቼ እንደሚቀየር የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን አፍንጫ ነው፤ እሱም በጥንቸሏ ቁመት። ቆመው የማይሸትዎት አሞኒያ ተንበርክከው ሳጥኑ ጋ ሲጠጉ ዓይን ያቃጥላል። አሞኒያ የአፍንጫዋን ውስጠኛ ልባስ ሲያቆስል ፓስቱሬላ የመሰሉ ባክቴሪያዎች መንገድ ያገኛሉ። ምልክቱ ማስነጠስ ብቻ አይደለም። የፊት እግሮቿን ውስጠኛ ጎን ይዩ፤ አፍንጫዋን የምትጠርገው በእነሱ ስለሆነ ፀጉሩ ተጣብቆና ደርቆ ይገኛል።

ፈዛዛው ፔሌት የሽንቱን ቀለም በግልጽ ያሳያል። ከቢጫ እስከ ዝገት መሰል ቡናማ ያለው ሁሉ ከምትበላው ተክል የሚመጣ ጤናማ ቀለም ሊሆን ይችላል። የደም ጠብታ ወይም እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ ነጭ ዝቃጭ ግን ሐኪም ይፈልጋል። እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ በጠጥ ሳይበላ ተጨፍልቆ ከተገኘም ተቅማጥ ነው ብለው አይደናገጡ። ጥንቸል በተፈጥሮዋ መልሳ የምትበላው ነው፤ ደጋግሞ ከቀረ ግን ወይ ምግቧ ከልክ በላይ የበለጸገ ነው፣ ወይ ከውፍረት የተነሣ ጎንበስ ማለት አቅቷታል።

ጥንቸል ትርፍ ካልሲየም የምታስወግደው በሽንቷ ስለሆነ ሳጥኑ ሥር ነጭ ኖራ ይጋገራል። በሳሙና ማሸት ድካም ነው። ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለው ለ30 ደቂቃ ቢያቆዩበት በስፖንጅ ይለቃል። በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሽንት ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ለዚህ ሥራ አይቅረብ።

የተጠራቀመው በጠጥ ተክል የሚያቃጥል ዓይነት ስላልሆነ በቀጥታ የተክል ሥር ሊደረግ ይችላል። ሰጋቱራ የተቀላቀለበት ግን ከአፈር ጋር ከተቀበረ ሲበሰብስ ናይትሮጂኑን ስለሚሻማ ተክሉን ያገረጣል፤ ወይ ላይ ላዩን ይነስነስ፣ ወይ ጉድጓድ ውስጥ ወራት ይቆይ። ያረጀውን ፔሌት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ደፍቶ ውሃ መልቀቅ ግን አይሞከር፤ ሳህን ላይ እንዳበጠው ሁሉ ቧንቧ ውስጥም ያብጣል።

ከአክብሮት ጋር
ጥንቸል አሳዳጊ አንባቢያችሁ